ባዶው እንደ ዜሮ ይቆጠር?

እኔ ሰው ጎድቼ አላውቅም ብዬ የማስብ ሰው ነበርኩ። ከጎረቤት አልጣላም፤ በስብሰባ ላይ ድምፄ ከፍ ብሎ የተሰማውም አንድ ጊዜ ብቻ፣ የወንበር እግር እግሬ ላይ ባረፈ ቀን ነው። እንዲህ ያለው ሰው በቢቸና ከተማ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሻዩን ፉት እያለ አንዲት ልጅን ከትምህርቷ አፈናቀለ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? እንደሆነው ላውጋችሁ። የሚያስቀው ላይ ሳቁ፤ እኔም አንዳንዴ እስቃለሁ፣ ከዚያ ወዲያው ያመኛል።

የሒሳብ መምህር ነኝ። በትምህርት ቤታችን "ኮምፒውተር ያውቃል" የሚል ስም ያተረፍኩት ግን በሒሳቤ አይደለም። አንድ ጊዜ የጽሕፈት ቤቱ ፕሪንተር ወረቀት ውጦ አልተፋም አለ። ጎኑን በመዳፌ መታ ባደርገው ተፋው። በቃ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ሁሉ ሞባይሉን፣ ፍላሹን፣ አንዳንዱም የቆመ የእጅ ሰዓቱን ይዞ ወደ እኔ ይመጣል። እኔም አላውቅም ማለት እየከበደኝ "እስቲ ልየው" እላለሁ። ከዚህ አንድ ቃል ስንት መከራ እንደሚወለድ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

አንድ ቀን ዳይሬክተራችን አስጠሩኝ። "ሞጣ ያለ አንድ ትምህርት ቤት የተማሪ ካርድ በኮምፒውተር መሥራት ጀምሯል አሉ። ድምር የለ፣ አማካይ ማውጣት የለ፣ ደረጃ መደርደር የለ፤ ሁሉንም ራሱ ይሠራዋል። ሁለት ቀን ሠልጥነህ ሶፍትዌሩን በፍላሽ ይዘህልን ና" አሉኝ።

"እስቲ ልየው" አልኩ።

ሞጣ ላይ ያሠለጠነን ቀጠን ያለ፣ ቶሎ ቶሎ የሚናገር ወጣት መምህር ነው። "ዋናው ነገር ክብደት ነው" ይላል ደጋግሞ። "ለእያንዳንዱ ፈተና ክብደት ትሰጡታላችሁ። ለአጭሩ ፈተና ዐሥር፣ ለክፍል ሥራ ዐሥር፣ በሴሚስተሩ መሃል ለሚሰጠው ሚድ ሠላሳ፣ ለፋይናል ሃምሳ። ማሽኑ እንደየክብደታቸው አስልቶ ውጤቱን ከመቶ ያወጣል።" እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ። የሒሳብ መምህር አይደለሁ? ይሄ ይጠፋኛል? ቀጥሎ "ተማሪው በበቂ ምክንያት ያልተፈተነው ፈተና ካለ ደግሞ..." ብሎ ስለ ባዶ ሳጥኖች ማስረዳት ሲጀምር ሐሳቤ ምሳ ፍለጋ ወጥቶ ሄዷል። ራሴ ግን መነቅነቁን አላቆመም። የሠለጠነው አንገቴ ነበር ማለት ይቻላል።

ቢቸና ተመልሼ ክብደቶቹን ለመምህራን አቀረብኩ። የስፖርቱ መምህር "የደብተር አያያዝም ክብደት ይሰጠው እንጂ!" ብለው ተነሡ። የስፖርት መምህር ስለ ደብተር ምን አገባቸው ብዬ ማሰብ ነበረብኝ፤ ነገር ግን እምቢ ማለት አልችልበትም። ዐሥር ጨመርኩ። ማሽኑን ስናስጀምረው የክፍሉ ጎበዝ ከመቶ መቶ አራት አመጣ። ዳይሬክተራችን ወረቀቱን ከፍ አድርገው "ይሄ ነው ውጤት ማለት! ከመቶ መቶ አራት!" ብለው አጨበጨቡ፤ እኛም አብረን አጨበጨብን። እሳቸውም ጭብጨባው መሃል ላይ ቀስ ብለው እጃቸውን አወረዱና "ቆይ... ከመቶ?" አሉ። የደብተር አያያዝ ተሰረዘ። ከዚያ ወዲያ ድምሩ መቶ፣ ሁሉም ነገር ሰላም።

እዚህ ላይ ማስተዋል የምትባል ልጅ አለች። እኔ የክፍል ኃላፊ የሆንኩበት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። ከቢቸና ሁለት ሰዓት ያህል በእግር ከሚያስኬድ የገጠር ቀበሌ መጥታ፣ ከተማ ቤት ተከራይታ የምትማር፣ ዝምተኛ፣ ፊደሏ ክብ ክብ የሚል ልጅ። ሚድ በሚሰጥበት ሳምንት እናቷ ሞቱ። ለቅሶ ሄድን። ማስተዋል ከሴቶቹ መሃል ተነሥታ ወደ እኔ መጣችና እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች "ቲቸር፣ ሚዱ አመለጠኝ እኮ" አለችኝ። በዚያ ሰዓት ስለ ፈተና ማሰቧ አንጀቴን በላኝ።

"ስለሱ አታስቢ፤ ፋይናሉን ብቻ ተፈተኚ። ያልተፈተንሽው ተትቶ የተፈተንሽው ብቻ ይሰላልሻል። እኔ አለሁ" አልኳት።

ሌሎቹም መምህራን ተስማሙ። በእጅ ስንሠራ ይሄ ቀላል ነበር፤ ከሰባ ያመጣችውን ወደ መቶ መለወጥ ነው፣ አለቀ። ልጅቷም ኀዘኗ ሳይወጣላት ተመልሳ ፋይናሉን ተፈተነች።

ካርድ የምናትምበት ሳምንት መጣ። ጽሕፈት ቤት ተቀምጬ፣ ሻዬን አጠገቤ አድርጌ "አትም" የሚለውን ብነካው ማሽኑ እምቢ አለ። እዚህ ባዶ ሳጥን አለ ይላል በቀይ፣ እዚያ ባዶ ሳጥን አለ ይላል በቀይ። በር ላይ የየክፍሉ ኃላፊዎች ተሰብስበዋል። "ምነው፣ አልሆነም እንዴ?" ይላሉ። "የእጁ ሮስተር ይሻል ነበር" የሚል ሹክሹክታም ሰማሁ። ከቀዩ ጽሑፍ ግርጌ በእንግሊዝኛ አንድ ጥያቄ አለ፤ ባዶው እንደ ዜሮ ይቆጠር? የሚል። አጠገቡ ምልክት የሚደረግባት ሚጢጢ ሳጥን። ነካኋት። ማሽኑ ምስኪን፣ እርግጠኛ ነህ? ብሎም ጠየቀኝ። እርግጠኛ ነኝ አልኩት። ቀዩ ሁሉ ጥርግ ብሎ ጠፋ። ፕሪንተሩ መዝፈን ጀመረ። ሰው ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ፤ እኔም ቀና ብዬ የቀዘቀዘውን ሻይ ጨለጥኩ።

ድሮ ካርድ በእጅ ስጽፍ እያንዳንዱ ልጅ በብዕሬ ሥር ያልፍ ነበር። ስሙን ስጽፍ መልኩ ይመጣብኛል፣ ውጤቱ ወርዶ ካየሁ እጄ ይቆማል። ያን ቀን ግን ክምሩን ፊቴ አድርጌ የፊርማዬን ቦታ ብቻ እያየሁ ፈረምኩ። የማስተዋልንም ፈርሜያለሁ።

ሁለተኛው ሴሚስተር ሲጀመር ማስተዋል አልመጣችም። ስም ስጠራ አንድ ሳምንት "የለችም"፣ ሌላ ሳምንት "የለችም"። በልቤ ያልኩትን ልናገር፤ እናቷ ሞተዋል፣ ቤቱን የሚይዝ ሰው ጠፍቶ ይሆናል፣ ስንቷ እንዲህ ሆና ትቀር የለ አልኩ። አዘንኩ፣ ስሟን ሰረዝኩ፣ ወደሚቀጥለው ስም አለፍኩ።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ በገበያ እህል የሚነግዱ እትዬ ጥሩወርቅ የሚባሉ ሴት ካርድ ይዘው ጽሕፈት ቤት ገቡ። ልጃቸው በሚዱ ጊዜ ትርፍ አንጀቱን ተቀዶ ተኝቶ ነበር። ካርዱን ከእናቱ ደብቆ ኖሮ ጎተራ ሲጠረግ ተገኘ።

"ምንድን ነው ይሄ?" አሉ ጠረጴዛዬ ላይ እየዘረጉት።

"እትዬ፣ ውጤቱ በክብደት ተሰልቶ..."

"ስለ ክብደት ለእኔ? እኔ ዕድሜዬን ሚዛን ላይ የቆምኩ ሰው ነኝ! ልጄ ያልተቀመጠበትን ፈተና እንዴት ዜሮ አገኘ? ያልቀመስኩትን ወጥ ጨው የለውም ብል ምን ይሉኛል መምህር?"

ወረቀት አወጣሁና በእጄ አሰላሁ። ማሽኑ ሚዱን ዜሮ አድርጎ፣ ዜሮውን ከሠላሳው ክብደት ጋር ደምሮበታል። ያቺ ሚጢጢ ሳጥን ትዝ አለችኝ። እትዬ ጥሩወርቅን "ዛሬውኑ ይስተካከላል" ብዬ ሸኘሁና ሚዱ ባዶ የሆነባቸውን ፈለግሁ። ከአንድ ሺህ የማያንስ ተማሪ መሃል ሦስት ብቻ ናቸው። ሁለቱ ግቢ ውስጥ አሉ። ሦስተኛዋ ማስተዋል ናት።

ካርዷ ላይ አማካይ ዐርባ ዘጠኝ ይላል። ከስልሳ አንድ ልጅ ሃምሳ አራተኛ። ዐርባ ዘጠኙን ያመጣችው ግን ከሰባ ነው። ወደ መቶ ሲለወጥ ሰባ ይመጣል። ልቅም ያለ ሰባ። እናቷን በቀበረችበት ሴሚስተር ተፈትና ዘጠነኛ ወጥታ ነበር ልጅቷ።

ዳይሬክተራችን ሲሰሙ ግንባራቸውን ያዙ። "ካርዱ ስህተት ነበረበት ካልን ሰው የሌላውንም አያምንም እኮ" አሉ። ቆይተው ግን ማኅተሙን ከመሳቢያ አወጡ። "ሴሚስተሩ አልፏታል፤ በመስከረም ዘጠነኛን እንደገና ትጀምር። ሌላ ማድረግ አልችልም" ብለው አዲሱን ካርድ አተሙልኝ።

የክፍል ጓደኛዋን ብጠይቃት "ሞጣ አክስቷ ጋ ናት፤ ወፍጮ ቤት ትሠራለች" አለችኝ። መንገዱ አንድ ሰሞን ተዘግቶ ነበር። የተከፈተ ዕለት በመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ደብረ ወርቅን እስክናልፍ ድረስ የምናገረውን ንግግር በልቤ ሳሰናዳ ነበር፤ ስንደርስ ግን ከመግቢያው በቀር አንዱንም አላስታወስኩትም።

ጥፋቱን የማካፍለው ሰው ባገኝ ብዬ መጀመሪያ አሠልጣኙ ዘንድ ጎራ አልኩ። "ለምን አልነገርከንም?" አልኩት።

"ሙሉ ጠዋት ያስረዳሁት እሱን እኮ ነው" አለ ተገርሞ። "እንዲያውም እርስዎ ራስዎን ሲነቀንቁ እያየሁ፣ እኚህስ ገብቷቸዋል ብዬ አልደገምኩትም።"

አመስግኜው ወጣሁ።

ወፍጮ ቤቱ ከገበያው ጀርባ ነው። ሞተሩ ምድሩን ያንቀጠቅጠዋል፤ ሰው ከሰው የሚግባባው በእጅ ነው። ማስተዋል ሚዛኑ አጠገብ ቆማ እህል እየመዘነች ተራ ታስይዛለች። ቅንድቧና ሽፋሽፍቷ በዱቄት ነጭ ሆኗል፤ ባላውቃት አሮጊት ናት እላለሁ። በቀጥታ ወደ እሷ ብራመድ አንዲት ሴት ክርኔን ይዛ ወደ ኋላ መለሰችኝ፤ ተራህን ያዝ ማለቷ ነው። ያዝኩ! እህል የለኝ፣ ስልቻ የለኝ፣ ካርድ ይዤ ከጤፍና ከበቆሎ መሃል ተሰለፍኩ። ሰልፉ እርምጃ በእርምጃ ተጉዞ ሚዛኑ ፊት አቆመኝ።

ማስተዋል ቀና አለች። አየችኝ። አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም፤ እህሌን የምታይ ይመስል ወደ እጄ ብቻ ተመለከተች።

"ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው!" ብዬ ጮኽኩ።

እጇን ጆሮዋ ላይ አደረገች።

"ስህተት ነው! ዐርባ ዘጠኙ ስህተት ነው!"

ራሷን ነቀነቀች፤ አልተሰማትም። ከኋላዬ ያለችው ሴት ለጎረቤቷ በእጇ አንድ ነገር አለቻት፤ እብድ ነው ማለቷ ይመስለኛል። ትንፋሼን ሰበሰብኩና ባለኝ ጉልበት ሁሉ "እኔ ነኝ የጣልኩሽ!" አልኩ።

መብራት የጠፋው በዚያች ቅጽበት ነው። ሞተሩ ጸጥ አለ። "የጣልኩሽ!" የሚለው ድምፄ ብቻ ከቆርቆሮው ጣሪያ ጋር ተጋጭቶ ተመልሶ መጣ። የሞጣ ሴት ሁሉ ዞሮ አየኝ።

"ጥለሃት ኖሯል?" አሉ አንዲት ጠና ያሉ ሴት እኔን ከእግር እስከ ራስ እየለኩ። "አሁን ነው ታዲያ አባትነት ትዝ ያለህ? ልጅቷ ዱቄት ለብሳ ካደገች በኋላ?"

"ኧረ እማማ፣ አባቴ አይደሉም" አለች ማስተዋል ቶሎ ብላ። "አስተማሪዬ ናቸው። ፈተና ጥለውኝ ነው።"

ሴትዮዋም ትንሽ አሰቡና "ያው ነው" አሉ።

መብራቱ እስኪመጣ ደጅ ወጥተን ባዶ ጆንያዎች ላይ ተቀመጥን። ነገርኳት። ስለ ሳጥኗ፣ ስለ ቀዩ ጽሑፍ፣ ሳላይ ስለፈረምኩት ፊርማ። አዲሱን ካርድ ሰጠኋት። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተቀበለችና እያንዳንዱን ትምህርት በጣቷ እየተከተለች አነበበች።

"ለምን መጥተሽ አልጠየቅሽኝም?" አልኳት። ጥፋቴ ላይ ጥፋት የሚጨምር ጥያቄ እንደሆነ የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

"ቲቸር ቃላቸውን ትተውታል ብዬ" አለች ካርዱን እያየች። "ኮምፒውተር ነው ብዬ አላሰብኩም። እኔ አለሁ ብለውኝ ነበር፤ ትተውታል ብዬ ዝም አልኩ።"

ቀጥላም "ደግሞ አባቴ መጥቶ ነበር" አለች። "ካርድ በተሰጠ በሳምንቱ። ልጄ በርትታ ነበር፣ እስቲ እዩልኝ ብሎ ለመነዎት። ኮምፒውተር አይሳሳትም አሉት።"

ትዝ አለኝ። የግቢው ሰው ሁሉ በሚያመሰግነኝ ሰሞን አንድ ጋቢ የለበሱ ሰው በር ላይ ቆመው፣ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ሲጠብቁ። ቀና ብዬ እንኳ ሳላይ ነው የመለስኩላቸው። እሳቸውም "እሺ፣ ይቅርታ አስቸገርኩ" ብለው ሄዱ። ይቅርታ የጠየቁኝ እሳቸው!

ሞተሩ ተነሣ። ማስተዋልም አብራ ተነሣች። ካርዱን መልሳ እጄ ላይ አስቀመጠችው። "ለአባቴ ይስጡልኝ" አለች ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ። "እኔ ብነግረው አያምነኝም። ከእርስዎ አፍ ይስማው።" ገብታም "ተራ የማን ነበር?" ስትል ሰማኋት።

በማግሥቱ ከቢቸና በእግሬ ወጣሁ። አባቷ አያ ዳምጤ ይባላሉ። ግቢያቸው ውስጥ ተቀምጠው ሞፈር ሲጠርቡ ደረስኩ። ገና ሲያዩኝ መጥረቢያውን ጥለው ብድግ አሉ። "መምህር! ምነው በደኅና? ልጅቷ ምን ሆነች?"

"ደኅና ናት፤ ትናንት ሞጣ አግኝቻታለሁ። የመጣሁት እኔ ባጠፋሁት ነው" አልኩና ቆሜ እንዳለሁ ተናገርኩ። ቁጭ ብል ወኔ የማገኝ አልመሰለኝም። ይጮኹብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እንዲያውም ቢጮኹብኝ ደስ ባለኝ። እሳቸው ግን ካርዱን ተቀብለው አራቁት፣ አቀረቡት፣ መልሰው ሰጡኝ።

"ፊደል ቆጥሬ ነበር፣ ዓይኔ ከዳኝ እንጂ። እስቲ ያንብቡልኝ።"

አነበብኩላቸው። አማርኛ፣ ሒሳብ፣ ጂኦግራፊ፣ ሁሉንም እስከ ውጤቱ። መጨረሻ ላይ "አማካይ ሰባ" ስል እጃቸውን አነሡ።

"እስቲ ይድገሙልኝ።"

"ሰባ። ከክፍሏ ዘጠነኛ።"

አያ ዳምጤ ግንዱ ላይ ቁጭ አሉ። "እኔ እኮ ክፉ ተናግሬያታለሁ" አሉ እየተነፈሱ። "በእናትሽ ሞት አመካኝተሽ ስትጫወቺ ከረምሽ አልኳት። አንድ ቃል አልመለሰችልኝም። በነጋታው ልብሷን አሥራ ሞጣ ወረደች። እርስዎ እኮ አንድ ቁጥር ነው የተሳሳቱት መምህር። እኔ ልጄን ነው የተሳሳትኩት።"

እንዲህ እንዳይሉ ልነግራቸው ፈለግሁ። ቁጥሩን ያመኑት በእኔ አፍ መሆኑን ልነግራቸው ፈለግሁ።

እሳቸው ግን ቀድመውኝ ተነሡና ጋቢያቸውን አስተካክለው ካርዱን እንደገና ከእጄ ወሰዱ። "ቁጭ ይበሉ፣ የሚቀመስ ይቀርብልዎታል። እኔ እዚህ ቤተ ክርስቲያን ደርሼ ልምጣ" አሉ። "እናቷ መቃብር ላይ ሄጄ፣ ልጅሽ አሳፈረችን ብያት ነበር።"

ካርዱን በሁለት እጃቸው ይዘው ቁልቁል ሲወርዱ አየኋቸው። እኔም እስኪመለሱ ሞፈሩ አጠገብ ተቀመጥኩ።

ማስተዋል በመስከረም ተመለሰች። አባቷ ራሳቸው ሞጣ ሄደው አመጧት። ጓደኞቿ ዐሥረኛ ገብተዋል፤ እሷ በዕረፍት ሰዓት ከአዲሶቹ ጋር ትቁም ከድሮዎቹ ጋር ግራ ገብቷት ለብቻዋ አጥሩ ሥር ስትቆም አያታለሁ። ክፍሌ ውስጥ ናት። ሰላም ትለኛለች፣ ስጠይቃት በአክብሮት ትመልሳለች፣ በሰው ፊት ስለ ነገሩ ትንፍሽ ብላ አታውቅም። ክፍል ውስጥ ስቀልድ ሌሎቹ ይስቃሉ፤ እሷ ግን ደብተሯን ታያለች።

ካርድ የምሰጥበት ቀን መጥቶ ስሟን ስጠራ ትመጣለች። ካርዱን ትቀበልና ጠረጴዛዬ ጫፍ ላይ ታኖረዋለች። ከደብተሯ መሃል ውጤቷን ሁሉ የመዘገበችበት ወረቀት ታወጣለች፤ እርሳስ ይዛ አጭሩን ፈተና በክብደቱ፣ የክፍል ሥራውን በክብደቱ፣ ሚዱን፣ ፋይናሉን፣ አንድ በአንድ፣ በዚያ ክብ ክብ በሚል እጇ ታሰላለች። ከኋላዋ ያሉት ያጉረመርማሉ። እኔ አልቆጣቸውም፣ እሷንም ቶሎ በይ አልላትም። ቆሜ እርሳሷን እከተላለሁ።

ስትጨርስ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ታያለች። ከዚያ "ልክ ነው፣ ቲቸር" ትለኛለች፤ ካርዱንም አጥፋ ትሄዳለች።